ዲበግና ሪሊዝ፤ ኹለት ላይብረሪ በአንድ ስም

(በደብረ ማርቆስ በተማሪዎች ማኅበር የትምህርት ውይይት ላይ የተደረገ ንግግር)



የማኅበራችን የትምህርት ኮሚቴ ዛሬ ከፊታችሁ ቆሜ እንድናገር በጠየቀኝ ጊዜ፥ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ወይም ስለ ሌላ ስሙ ስለ ገነነ ነገር የምናገር የመሰላቸው ጓደኞች ነበሩኝ። እኔ የመረጥሁት ግን ስሙ ያልገነነ፥ ነገር ግን የብዙ ተማሪ ድካም ከንቱ ሲያስቀር ያየሁትን ጉዳይ ነው። ይኸውም አንድ ፕሮግራም የሚደገፍባቸው የጋራ ላይብረሪዎች ዲበግና ሪሊዝ በሚባሉ በኹለት ዓይነት እንደሚሠሩ፥ እነዚህንም ኹለቱን ለይቶ መያዝ እንደሚገባ ለመንገር ነው። ነገሩ ጥቃቅን ይመስላል። ጥቃቅን የሚመስል ነገር ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል ግን በራሴ ላይ ከደረሰው ልጀምር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔና ኹለት ጓደኞቼ፥ ከዚህ ከደብረ ማርቆስ የግማሽ ቀን መንገድ በሚርቅ አንድ የደጋ ወረዳ ውስጥ ላለ የእህል መጋዘን ፕሮግራም ሠራን። የመጋዘኑን ስም አላነሣም፤ ጥፋቱ የእኛ እንጂ የእርሱ አልነበረምና። ሥራው ቀላል ነበር። ገበሬው ጤፉን ወይም ስንዴውን አስመዝኖ ያስረክባል፤ ጸሐፊው ኪሎውን ይመዘግባል፤ ፕሮግራሙም በእኛው ዘመን አቈጣጠር ቀኑን ጽፎ ደረሰኝ ያወጣል። ዘመን አቈጣጠሩን ከራሳችን አልፈጠርነውም። አይ ሲ ዩ የሚባለውን፥ በዓለም ዙሪያ ብዙ ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበትን ላይብረሪ ወሰድን፤ ይህ ላይብረሪ ጳጉሜን ጨምሮ 13ቱን ወራችንን ያውቃል። ከጓደኞቼ አንዱ ደግሞ በዋናው ፕሮግራምና በአይ ሲ ዩ መካከል የምትቆም አንዲት ትንሽ ላይብረሪ ጻፈ። ዋናው ፕሮግራም ቀኑን ሲጠይቃት ይህች ላይብረሪ የቀኑን ጽሑፍ በሜሞሪ ላይ አስቀምጣ አድራሻውን ትሰጠዋለች፤ እርሱም ደረሰኙን አትሞ ሲያበቃ ያንን የሜሞሪ ቦታ ያስለቅቃል።

በመጨረሻው ሌሊት ጓደኛዬ አንዲት ስሕተት አርሞ፥ ላይብረሪዋን በራሱ ኮምፒዩተር እንደ ገና ሠርቶ በፍላሽ አመጣልኝ። ስሟ ያው የአሮጌዋ ስም ነበር። በአሮጌዋ ላይ ገለበጥኋት፤ ፕሮግራሙ ተከፈተ፤ ደስ ብሎን ተኛን። ማተሙን ግን አልሞከርንም።

በማግሥቱ በአውቶቡስ ሄድን። በመጋዘኑ ኮምፒዩተር ላይ ብንጭነው ፕሮግራሙ አልከፈትም አለ፤ አንድ ፋይል ጐድሏል የሚል መልእክት ብቻ አወጣ። በፋይሉ ስም መጨረሻ ላይ «ዲ» የምትል ፊደል ነበረች፤ እኛ ግን ከቁም ነገር አልቈጠርናትም። ፋይሉን ከእኔ ላፕቶፕ ላይ ፈልገን ገለበጥንና ተከፈተ። ጸሐፊው፥ ዕድሜያቸው የገፋ ሰው፥ መረቁን፤ እኛም ሥራ የሠራን መስሎን ተመለስን።

በሳምንቱ ስልክ ተደወለ። ደረሰኝ በታተመ ቍጥር በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሣጥን በመስኮቱ ላይ ብቅ ይላል። ሣጥኑ ሦስት ቁልፎች አሉት፤ አንዱ አቋርጥ፥ አንዱ እንደ ገና ሞክር፥ አንዱ ችላ በል የሚሉ ናቸው። ጸሐፊው «ችላ በል» የሚለውን መጫን ለመዱ። አንዳንዴ ያልፍላቸዋል፤ አንዳንዴ ግን ፕሮግራሙ በድንገት ይዘጋል፥ ገና ያልተቀመጠው መዝገብም አብሮ ይጠፋል። ከሌሊት ጀምሮ አህያ እየነዳ መጥቶ፥ እህሉን አስረክቦ፥ ደረሰኝ ሳይዝ ላለመሄድ በደጅ የቆመውን ገበሬ አስቡት። ጋሼ (እንዲህ ነበር የምንጠራቸው) በስልኩ «ልጄ፥ ወረቀቱ እንኳ እንዲህ አድርጎኝ አያውቅም» አሉኝ። ከዚያም ኮምፒዩተሩን በጨርቅ ሸፍነው ወደ ቀድሞው መዝገባቸው ተመለሱ።

እንግዲህ ምን ደርሶብን ኖሯል? ይህን ለማስረዳት ከመሠረቱ ልነሣ።

ላይብረሪ ስል መጻሕፍት የሚቀመጡበትን ቤት ማለቴ አይደለም። ብዙ ፕሮግራሞች እየጠሩ የሚያሠሩት፥ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ያለቀ የኮድ ስብስብ ነው። የጋራ የሚባለውም በየፕሮግራሙ ውስጥ ተቀድቶ ከመግባት ይልቅ ለብቻው ፋይል ሆኖ ተቀምጦ፥ ፕሮግራሙ በሚነሣበት ሰዓት ስለሚጫን ነው። በዊንዶውስ ዲ ኤል ኤል፥ በሊኑክስ ኤስ ኦ፥ በማክ ዲላይብ እየተባለ ይጠራል። አንዱን የምንጭ ጽሑፍ ኮምፓይለሩ በኹለት መንገድ ሊሠራው ይችላል። አንደኛው ዲበግ፥ ማለት ስሕተት ለማደን የሚሠራው ነው፤ ኮዱ አይታጠርም፥ አይፋጠንም፤ የእያንዳንዱ መስመር ቍጥርና የተለዋዋጩ ሁሉ ስም ተያይዞ ይመዘገባል፤ በየቦታውም የቍጥጥር ጥያቄ ይገባበታል። ኹለተኛው ሪሊዝ፥ ማለት ለተጠቃሚው የሚሰጠው ነው፤ ቍጥጥሩ ይወጣል፥ ኮዱ ይፋጠናል።

የጎጃም ሰው ይህን በቅኔ ቤት ያውቀዋል። ተማሪው የቈጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ሲነግር ቃል በቃል ይመረመራል፤ ግሱ ይጠየቃል፥ አገባቡ ይፈተሻል፥ ቤቱ ይለካል። በማኅሌት ቆሞ ሲቀኝ ግን ያ ሁሉ ጥያቄ የለም፤ የሚሰማው ቅኔው ብቻ ነው። ዲበግ እንደ መምህሩ ፊት ነው፤ ሪሊዝ እንደ ማኅሌቱ። ነገር ግን ምሳሌው እዚህ ላይ ያበቃል። ቅኔው በኹለቱም ቦታ ያው አንድ ቅኔ ነው፤ ላይብረሪው ግን፥ ይልቁንም በዊንዶውስ ላይ፥ ከኹለቱ አሠራር ኹለት የተለያየ ነገር ሆኖ ይወጣል። የዛሬው ንግግሬ ሁሉ በዚህች ልዩነት ላይ የቆመ ነው።

ልዩነቱ ምንድር ነው? በዊንዶውስ ላይ የማይክሮሶፍት ኮምፓይለር የሚደገፍበት የሲ ቋንቋ መሠረታዊ ላይብረሪ ራሱ ኹለት ነው፤ አንዱ የዲበግ፥ አንዱ የሪሊዝ። የዲበጉ ፋይል በስሙ መጨረሻ «ዲ» የምትል ፊደል አለችው። ያች በመጋዘኑ ያላስተዋልናት ፊደል ይህች ነበረች። የሪሊዙን መሠረታዊ ላይብረሪ ማይክሮሶፍት ለማንም እንድናከፋፍል ይፈቅዳል፤ የዲበጉን ግን አይፈቅድም። ቪዥዋል ስቱዲዮ በተጫነበት ኮምፒዩተር ላይ ብቻ ስለሚገኝ፥ በእኛ ላፕቶፕ የሚከፈተው ፕሮግራም በጸሐፊው ኮምፒዩተር አይከፈትም። እኛ ፋይሉን ገልብጠን ስናስከፍተው በሽታውን ያዳንን መሰለን፤ ያደረግነው ግን ምልክቱን መሸፈን ነበር፤ ከዚያም በላይ ያልተፈቀደ ሥራ ነበር።

የዲበጉ መሠረታዊ ላይብረሪ ሜሞሪ ሲሰጥ እንዲሁ አይሰጥም። ከፊቱ የራሱን መዝገብ ያስቀምጣል፤ በግራና በቀኝ አራት አራት ባይት ዘብ ያቆማል፥ ዘቡንም በ253 ቍጥር ይሞላዋል። አዲስ የተሰጠውን ቦታ በ205፥ የተለቀቀውን በ221 ይሞላል። ቦታው ሲመለስለት መዝገቡንና ዘቡን ይመረምራል። የሪሊዙ ግን ይህን ሁሉ አያደርግም። የእኛ ጥፋት እዚህ ላይ ነው። ዋናው ፕሮግራም ዲበግ ነበር፤ ጓደኛዬ በመጨረሻው ሌሊት ያመጣልኝ ላይብረሪ ግን ሪሊዝ ነበረች። እርሷ ሜሞሪውን ከሪሊዙ ወስዳ ሰጠች፤ ዋናው ፕሮግራም ደግሞ ለዲበጉ አስረከበ። ዲበጉ መዝገቡን ቢፈልግ የለም፥ ዘቡን ቢፈልግ የለም፤ ስለዚህ ሣጥኑን አውጥቶ ጮኸ። የጮኸው በትክክል ነበር፤ «ችላ በል» ያልነው እኛ ነን።

ሌላም አለ። በ64 ቢት ዊንዶውስ ላይ የሲ ፕላስ ፕላስ ቬክተር በሪሊዝ 24 ባይት፥ በዲበግ 32 ባይት ነው፤ ዲበጉ ለቍጥጥር አንድ ተጨማሪ አድራሻ ስለሚይዝ። እንግዲህ አንዱ ወገን 24 ባይት ብሎ ያስረከበውን ሌላው ወገን 32 ባይት ብሎ ከተረከበ፥ ስምንት ባይት ከማን ሊመጣ ነው? ከጎረቤቱ ይወስዳል። ይህ ዓይነቱ ስሕተት ሁልጊዜ ወዲያው አይታይም፤ አንዳንዴ ከስሕተቱ ቦታ እጅግ ርቆ በሌላ መስመር ላይ ይፈነዳል፤ ተማሪውም ጥፋት በሌለበት ኮድ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ሲፈልግ ይውላል።

ሊንከሩስ አያስጠነቅቅም ወይ? የሚል ይኖራል። በአንድ ፕሮግራም ውስጥ የሚገቡ የኦብጀክት ፋይሎች ሲቀላቀሉ ያስጠነቅቃል፤ ከቪዥዋል ስቱዲዮ 2010 ጀምሮ በየፋይሉ ላይ የሚታተም ምልክት አለና ሲጋጭ ሥራውን ያቆማል። የጋራ ላይብረሪ ግን የሚገናኘው ፕሮግራሙ ሲነሣ፥ ያውም በስም ብቻ ነው። ስሙ ከተገኘ የውስጡን ማንም አይጠይቅም።

አሁን ወደ ሊኑክስ ልሻገር፤ ብዙዎቻችን በቤተ ሙከራ የምንማረው በእርሱ ነውና። በሊኑክስ መሠረታዊው የሲ ላይብረሪ አንድ ነው፤ ኹለት አልተደረገም። ጂ ሲ ሲ የሚባለው ኮምፓይለር የማደኛ መረጃ ጨምር ሲባል ጽሑፉን ከኮዱ አጠገብ ያክላል እንጂ የኮዱን ሥራ አይለውጠውም። ስለዚህ ያልታጠረ ፕሮግራም ከታጠረ ላይብረሪ ጋራ አብሮ ሲሠራ ብዙ ጊዜ ምንም አይሆንም። ማክም በዚህ ረገድ ወደ ሊኑክስ የቀረበ ነው። ነጭና ቀይ ጤፍ ተቀላቅሎ ሰርገኛ ሲሆን እንጀራው ያው እንጀራ እንደሚሆን ያለ ነው። ነገር ግን እዚያም ቢሆን ገደብ አለው፤ የጂ ሲ ሲን የቬክተርና የመሳሰሉትን ልዩ የቍጥጥር አሠራር በአንዱ ወገን ብቻ ያበራ ሰው የዊንዶውሱ ዓይነት የባይት ጠብ ይገጥመዋል።

አደጋው የሚመጣው ከዚህ ልዩነት ነው። በሊኑክስ ሰርገኛ መጋገር የለመደ ተማሪ ያንኑ ፕሮግራም ለዊንዶውስ ሲሠራ ያንኑ ልማድ ይዞ ይሄዳል። በአንዱ መድረክ ላይ ልማድ የሆነው በሌላው ጥፋት ነው። የየመሥሪያ ቤቱ ኮምፒዩተር አብዛኛውን ጊዜ ዊንዶውስ ነው፤ ጥፋቱም የሚገለጠው በእኛ ቤተ ሙከራ ሳይሆን በጸሐፊው ጠረጴዛ ላይ ነው።

ስም አንድ ሆኖ ነገሩ ኹለት ሲሆን ምን እንደሚደርስ እኛ ኢትዮጵያውያን ከሌላው በፊት ልናውቅ ይገባን ነበር። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ከመግባቱ በፊት፥ የአማርኛ ጽሕፈት ፕሮግራም የሠራ ሁሉ ለፊደላቱ የየራሱን ቍጥር ይሰጥ ነበር። በአንዱ «ሀ» የሆነው ቍጥር በሌላው ሌላ ፊደል ነበረ። በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ዳንኤል ያዕቆብ የጻፈው ሊብኤት የሚባል ላይብረሪ ከአንዱ አጻጻፍ ወደ ሌላው ለመመለስ የተዘጋጀ ነበር። ይሁን እንጂ ለመመለስ አስቀድሞ ጽሑፉ በየትኛው እንደ ተጻፈ መታወቅ አለበት። ፋይሎቹ በውጭ ሲታዩ ተመሳሳይ ነበሩና ችግሩ የቴክኒክ ብቻ ሳይሆን የስም አለመለየት ነበር። ያንን መከራ ያየ ሕዝብ ልጆች ሆነን ኹለት ላይብረሪ በአንድ ስም መጥራታችን ያሳፍራል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? እኔ ከጥፋቴ የተማርሁትን ስድስት ነገር እነግራችኋለሁ።

አንደኛ፤ ስሙን ለዩት። ሲሜክ በሚባለው፥ እ.ኤ.አ. በ2000 ተጀምሮ ዛሬ በሦስቱም መድረክ በሚሠራበት መሣሪያ፥ «ዲበግ ፖስትፊክስ» የሚባል አንድ መስመር አለ። እዚያ «ዲ» ብላችሁ ብትጽፉ የዲበጉ ላይብረሪ ሁሉ በስሙ መጨረሻ «ዲ» ይጨመርለታል። ለላይብረሪዎች እንጂ ለዋናው ፕሮግራም ፋይል አይሠራም። ትልልቆቹም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ኪዩት በዊንዶውስ ላይ «ዲ»ን ይጨምራል፥ በማክ ላይ «ዲበግ» የሚለውን ሙሉ ቃል ይጨምራል። አይ ሲ ዩም በዊንዶውስ የኮድ ላይብረሪዎቹን በ«ዲ» ይለያል፤ የወራትና የቀናት ስም ያለበት የመረጃ ፋይሉ ግን ለኹለቱም አንድ ነው፤ መረጃ ዲበግና ሪሊዝ የለውምና። እኛ ይህችን አንዲት መስመር ጽፈን ቢሆን ኖሮ፥ የጓደኛዬ ላይብረሪ በአሮጌዋ ላይ ባልተገለበጠች፤ ፕሮግራሙም «ዲ» ያላትን ባላጣ ነበር።

ኹለተኛ፤ ቦታውን ለዩት። ቪሲፒኬጂ የሚባለው የማይክሮሶፍት የላይብረሪ ማደራጃ የዲበጉን ሁሉ «ዲበግ» በተባለ ለብቻው ፎልደር ውስጥ ያስቀምጣል። ስምም ቦታም ሲለይ አንዱ ቢሳሳት ሌላው ይይዛል። ዊንዶውስ አንድን ላይብረሪ ሲፈልግ ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ ዋናው ፕሮግራም ያለበትን ፎልደር እንደሚያይ አትርሱ፤ እዚያ የወደቀ የተሳሳተ ፋይል ካለ ትክክለኛው ሌላ ቦታ መኖሩ አይረዳም።

ሦስተኛ፤ ምርጫውን ለመሣሪያው ተዉለት። የላይብረሪውን ፋይል አድራሻ በእጃችሁ የምትጽፉ ከሆነ አንዱን ብቻ ነው የምትጽፉት፤ ያም አንድ በኹለቱም አሠራር ውስጥ ይገባል። በሲሜክ ላይብረሪውን በዒላማው ስም ጥሩት፤ ከዒላማው ጋራ የዲበጉም የሪሊዙም አድራሻ ተመዝግቦ ይኖራል፥ መሣሪያውም እንደ ሥራው ዓይነት ይመርጣል። እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ የሚሰናከልባት ድንጋይ አለች። በሊኑክስ በሜክፋይል ሲሠራ ዲበግ ወይም ሪሊዝ የሚወሰነው በመጀመሪያው ዝግጅት ጊዜ «ቢልድ ታይፕ» በሚለው ነው። በዊንዶውስ ለቪዥዋል ስቱዲዮ ሲዘጋጅ ግን ይህ ቃል ከቍጥር አይገባም፤ የሚወሰነው ኋላ፥ ሥራው ሲታዘዝ «ኮንፊግ» በሚለው ነው፤ ካልተነገረውም ዲበግን ይሠራል። ሪሊዝ ሠራሁ ብሎ ዲበግ ይዞ የወጣ ሰው ስንት ነው!

አራተኛ፤ ድንበሩን ጠብቁ። ሜሞሪ የሰጠ ወገን ራሱ ያስለቅቅ። ላይብረሪያችሁ ጽሑፍ አበጅቶ የሚሰጥ ከሆነ፥ ያንን ጽሑፍ የሚያስለቅቅ ሌላ ጥሪም አብሮ ይስጥ። ቬክተርና የመሳሰለውን በድንበር ከማሻገር ይልቅ በተራ የሲ ቋንቋ አድራሻና ርዝመት አስተላልፉ። ይህን ያደረገ ሰው ኹለቱ ዓይነት በስሕተት ቢቀላቀሉበት እንኳ ጥፋቱ ይቀንስለታል። አይለያቸው ማለቴ ግን አይደለም።

አምስተኛ፤ ለተጠቃሚው ሪሊዙን ስጡ፥ የማደኛውን መረጃ ግን ለራሳችሁ አስቀምጡ። ብዙ ሰው ዲበጉን የሚሰጠው ስሕተት ሲደርስ የት እንደ ደረሰ ለማወቅ ብሎ ነው። ለዚህ ግን ሌላ መንገድ አለ። ሪሊዝን ከነማደኛ መረጃው የሚሠራ ሦስተኛ ዓይነት በሲሜክ ውስጥ አለ፤ የሚደገፈው በሪሊዙ መሠረታዊ ላይብረሪ ላይ ስለ ሆነ ከሪሊዝ ላይብረሪዎች ጋራ ይስማማል። መረጃው በዊንዶውስ ፒ ዲ ቢ በሚባል ለብቻው ፋይል ይወጣል፤ በሊኑክስ ከላይብረሪው ተነጥሎ ሊቀመጥ ይችላል፤ በማክም እንዲሁ ለብቻው ይጠራቀማል። ለተጠቃሚው ቀላሉን ሰጥታችሁ ከባዱን በቤታችሁ አኑሩ። ነገር ግን ከሰጣችሁት ጋራ በአንድ ጊዜ የወጣውን አኑሩ። በዊንዶውስ እያንዳንዱ ሥራ የራሱ መለያ ቍጥር ስላለው፥ ከያው ጽሑፍ ኋላ እንደ ገና የተሠራ ፒ ዲ ቢ ለቀድሞው ፕሮግራም አይገጥምም።

ስድስተኛ፤ ባዶ ኮምፒዩተር ላይ ሞክሩ። ከሁሉ የምትበልጠው ይህች ናት። የሠራችሁበት ኮምፒዩተር ይዋሻችኋል፤ የጐደለው ሁሉ እዚያ አለና። ምንም የማበልጸጊያ መሣሪያ ያልተጫነበት አንድ ኮምፒዩተር ፈልጋችሁ ፕሮግራሙን ከመክፈት አልፋችሁ እስከ ደረሰኙ ድረስ አስኪዱት። ከዚያም በፊት ፕሮግራሙ የትኞቹን ላይብረሪዎች እንደሚጠራ ጠይቁ፤ በዊንዶውስ ዳምፕቢን፥ በሊኑክስ ኤል ዲ ዲ፥ በማክ ኦቱል የሚባሉት ይነግሯችኋል። በዝርዝሩ ውስጥ በ«ዲ» የሚያልቅ የዲበግ ላይብረሪ ካለ ገና ከቤታችሁ አትውጡ።

ኹለት ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። አንደኛው፥ ሁሉን ነገር በፕሮግራሙ ውስጥ ቀድተን የጋራ ላይብረሪን ብንተው አይሻልም ወይ? የሚል ነው። ለትንሽ ፕሮግራም ይሆናል። ነገር ግን ተቀድቶ የሚገባውም ላይብረሪ ዲበግና ሪሊዝ አለው፤ ከመለየት አያድንም። ደግሞም አምስት ፕሮግራም አንዱን የዘመን አቈጣጠር ከተጠቀመ፥ በላይብረሪው አንዲት ስሕተት ስትታረም አምስቱንም እንደ ገና ሠርቶ በየወረዳው መሄድ ያስፈልጋል፤ የጋራ ቢሆን ግን አንድ ፋይል መተካት ይበቃል።

ኹለተኛው፥ ሪሊዙን ብቻ ይዘን ዲበግን ብንተወውስ? የሚል ነው። ይህም ዐይንን ጨፍኖ እንደ መሄድ ነው። ዲበጉ በጥብቅ የሚቈጣጠረው ጥፋት በሪሊዙ ዝም ብሎ ያልፋል። ይሁን እንጂ በዲበግ ብቻ ሞክሮ በሪሊዝ መስጠትም ሌላ ጥፋት ነው። ለምሳሌ መነሻ ዋጋ ያልተሰጠው ተለዋዋጭ በዲበግ አዲሱ ሜሞሪ በ205 ስለሚሞላ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መልስ ይሰጣል፤ በሪሊዝ ግን ያገኘውን ይዞ ይገኛል። እንዲሁም በአሠርት ጥያቄ ውስጥ ዋና ሥራ የጻፈ ሰው፥ በሪሊዝ ጥያቄው ሲወጣ ሥራውም አብሮ ይወጣበታል። ስለዚህ በዲበግ አድኑ፥ በሪሊዝ ፈትኑ፥ ሪሊዙን ስጡ።

ከመጨረሴ በፊት ለማኅበራችንና ለመምህራኖቻችን አንድ ጥያቄ አቀርባለሁ። ኹለቱንም ዓይነት ማዘጋጀት ጊዜና የዲስክ ቦታ ይፈጃል፤ ቪሲፒኬጂ ካልተከለከለ በቀር እያንዳንዱን ላይብረሪ ኹለት ጊዜ ይሠራል። ኢንተርኔቱ በሚደክምበት ሰዓት እያንዳንዱ ተማሪ ለብቻው ያንኑ ላይብረሪ ማውረዱና ማሠራቱ ብክነት ነው። በቤተ ሙከራው አንድ ዲስክ ይመደብ፤ ብዙዎቻችን የምንጠቀምባቸው ላይብረሪዎች፥ ዲበጉም ሪሊዙም፥ ስማቸውና ቦታቸው ተለይቶ፥ የተሠሩበት የኮምፓይለር ዓይነትና ቀን ተጽፎባቸው ይቀመጡ። ከአጠገቡም አንድ ባዶ የዊንዶውስ ኮምፒዩተር ይኑር፤ ምንም የማበልጸጊያ መሣሪያ አይጫንበት፤ ማንኛውም የተማሪ ሥራ ከግቢ ከመውጣቱ በፊት በእርሱ ላይ ይፈተን። ለዚህ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም፤ አሮጌ ኮምፒዩተር ይበቃል። የሚያስፈልገው ደንብና ደንቡን የሚጠብቅ ሰው ነው።

የመጋዘኑን ነገር ልጨርስ። ጥፋታችንን ያወቅነው ላይብረሪዎቹን አንድ በአንድ ዘርዝረን ስናይ ነው፤ ለማረም አንድ ቀን አልፈጀብንም። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሪሊዙን ይዘን ሄድን፤ ደረሰኙም ያለ ሣጥን ታተመ። ጋሼ ጨርቁን አነሡልን፤ ነገር ግን የወረቀት መዝገባቸውን ከኮምፒዩተሩ አጠገብ አላነሡም። መኸሩ እስኪያልቅ ድረስ እያንዳንዱን ጆንያ ኹለት ጊዜ፥ አንድ ጊዜ በእኛ ፕሮግራም፥ አንድ ጊዜ በብዕራቸው፥ ሲመዘግቡ ከረሙ። አልፈረድሁባቸውም። እኛ የአንዲት ፊደል ሥራ ስላቃለልን እርሳቸው የአንድ መኸር ድርብ ድካም ደከሙ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ ከዚህ ተነሥተን ወደ ገጠሩ የምንወስደው ፕሮግራም ብቻ አይደለም፤ ተማሪ የሠራው ነገር ይታመናል ወይስ አይታመንም የሚለውን መልስም አብረን እንወስዳለን። የተቀላቀለውን ለዩ፥ የለያችሁትን ሰይሙ፥ የሰየማችሁትን በባዶ ኮምፒዩተር ፈትኑ።